ጀልባ ላይ የሰው ክብደት ምን ይሠራል? ከባሮ ታንኳ እስከ ሳምንታዊው የሸራ ጀልባ ውድድር

በአንደኛ ዓመት የሜካኒክስ ትምህርት ስለ ቶርክ፣ ማለትም ስለ ኃይል የማዞር ብቃት፣ በምናስተምርበት ሳምንት ከጋምቤላ ክልል ከጀዊ የመጣ አንድ ተማሪ ያነሣው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «በእኛ አካባቢ ታንኳ ላይ የሚሳፈር ሰው ከሁሉ በፊት የሚነገረው ‹ቁጭ በል፣ አትንቀሳቀስ› የሚል ነው። በቴሌቪዥን በሚታየው የሸራ ጀልባ ውድድር ግን ተሳፋሪዎቹ ከጀልባው ውጭ ተንጠልጥለው፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲዘሉ እናያለን። የፊዚክስ ሕግ ለእነርሱ ሌላ ነው እንዴ?»

ጥያቄው በመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ መጨረሻ ከተደረደሩት ልምምዶች ሁሉ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው። ለምን ተቃራኒ ትእዛዝ እንደሚወጣው፣ የሸራ ጀልባ ረዳት መሆንም ለምን ትልቅ ደስታ እንደሚሰጥ በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት እንሞክራለን።

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ ብዙም ሳትርቅ በዝቅተኛው ሜዳ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ለሸሹ ስደተኞች በ2015 (እ.ኤ.አ.) መጠለያ ተከፍቶባታል። ወደዚህ መጠለያ ከገቡት ብዙዎቹ ቀደም ሲል በሌይችዎር መጠለያ የነበሩና በ2014 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ጎርፍ ያፈናቀላቸው ናቸው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው የጀልባ ሚዛን ጉዳይ ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም።

የክልሉ ትልቅ ወንዝ ባሮ ነው። ብርብርና ገባ ተገናኝተው ይፈጥሩታል፤ ጋምቤላን አልፎ ወደ ምዕራብ ከፈሰሰ በኋላ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ይባልና ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ዐፄ ምኒልክ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ክረምት ወንዙን ሲሞላው የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ እየዘለቁ ቡና ይጭኑ ነበር። ከግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ታንኳ ግን ከመርከቡ በፊትም ነበረ፣ ከመርከቡም በኋላ አለ።

ታንኳ ለምን ይገለበጣል?

በሚንሳፈፍ ነገር ላይ ሁለት ኃይሎች ይሠራሉ። አንደኛው የስበት ኃይል ሲሆን፣ በታንኳውና በጭነቱ የስበት ማዕከል በኩል ወደ ታች ይጎትታል። ሁለተኛው የውኃው ግፊት ሲሆን፣ ውኃ ውስጥ በገባው የታንኳ ክፍል ማዕከል በኩል ወደ ላይ ያነሣል። ታንኳው ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ ሁለቱ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይውላሉ። ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ግን በቀኝ በኩል ብዙ አካል ወደ ውኃው ስለሚሰጥም የውኃው ግፊት ማዕከል ወደ ቀኝ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ኃይሎች ታንኳውን ወይ ወደ ነበረበት ይመልሱታል፣ አለዚያም ጨርሰው ይገለብጡታል።

የትኛው እንደሚሆን የሚለየውን ነጥብ ያገኘው ፈረንሳዊው ፒዬር ቡጌ ሲሆን፣ በ1746 (እ.ኤ.አ.) ስለ መርከብ ባሳተመው መጽሐፍ ሜታሴንተር ብሎ ሰይሞታል። በሸሸው ማዕከል በኩል ወደ ላይ የሚወጣው መስመር የታንኳውን የመሃል መስመር የሚያቋርጥበት ነጥብ ማለት ነው። የስበት ማዕከሉ ከዚህ ነጥብ በታች ከሆነ ታንኳው ይመለሳል፤ በላይ ከሆነ ይገለበጣል። ሁሉም ነገር በዚህ አንድ ንጽጽር ይወሰናል።

አሁን በቁጥር እንየው። ታንኳው 100 ኪሎ ግራም፣ ሁለት ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም ይሁኑ፤ ጠቅላላው 220 ኪሎ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ተነሥቶ ቢቆምና የአካሉ የስበት ማዕከል 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ የጠቅላላው የስበት ማዕከል በ60 × 60 ÷ 220፣ ማለትም በ16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል። ስንዝር የማይሞላ ነው። ነገር ግን በጠባብ ታንኳ ላይ በስበት ማዕከሉና በሜታሴንተሩ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል፣ የአንድ ሰው መነሣት ታንኳውን ከሚመለስ ወደማይመለስ ሊያሸጋግረው ይችላል። «ቁጭ በል» የሚለው የታንኳ ባለቤት ይህን ስሌት በወረቀት ላይ አልሠራውም፤ መልሱን ግን አሳምሮ ያውቀዋል።

ሁለት ነገሮችን እዚህ ላይ ማከል እንወዳለን፤ ሕይወት የሚያድኑ ናቸውና። አንደኛው፣ የሜታሴንተሩ ከፍታ ከታንኳው ስፋት ጋር የሚያድገው በቀላል ድርሻ አይደለም። ውኃው የሚነካው ገጽ ለመዘንበል ያለው ተቃውሞ በስፋቱ ኩብ ልክ ያድጋል፤ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ተቃውሞው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ታንኳዎችን አራርቆ በሁለት ጠንካራ አግዳሚ እንጨቶች ማሰር ከብዙ ጥንቃቄ የበለጠ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ታንኳው ውስጥ የገባ ውኃ ነው። ይህ ውኃ እንደ ጆንያ እህል በአንድ ስፍራ አይቀመጥም፤ ታንኳው ባዘነበለበት በኩል ሮጦ ይከማችና መዘንበሉን ያባብሰዋል። ስለዚህ ውኃውን በየጊዜው ቀድቶ ማፍሰስ ጭነት ለማቅለል ብቻ አይደለም።

ነፋስ ሲጨመርበት

በታንኳ ላይ ወደ ጎን የሚገፋ ቋሚ ኃይል የለም፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ክብደትን መሃልና ዝቅ አድርጎ መቀመጥ ነው። በሸራ ጀልባ ላይ ግን ነፋሱ ያለማቋረጥ ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ ዝም ብሎ መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው ጀልባውን ያስገለብጣል። ከቶርክ አንጻር ሲታይ የሁለቱ ትእዛዝ ልዩነት ከዚህ አያልፍም።

ሸራ ነፋስን እንዴት እንደሚጠቀም በአጭሩ እንግለጽ። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሸራው ይገፋል፣ ጀልባው ይሄዳል። አስደናቂው ጀልባው ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መገስገስ መቻሉ ነው። ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ የጎበጠ ስለሆነ አየሩን አጥፎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይልከዋል፤ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት አየሩም ሸራውን በተቃራኒው ይገፋዋል። (በክንፉ ላይና በክንፉ ታች የሚያልፉት አየሮች «እኩል ለመድረስ ሲሉ» ፍጥነታቸው ይለያያል የሚለው በብዙ መጻሕፍት የሚገኝ ማብራሪያ ስሕተት ነው። አየር ለቀጠሮ አይሮጥም፤ በእርግጥም የላይኛው ቀድሞ ይደርሳል።) ይህ ኃይል አብዛኛው ወደ ጎን፣ ጥቂቱ ወደ ፊት ነው። ወደ ጎን የሚገፋውን ከጀልባው ሥር ወደ ውኃ የሚወርድ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ይቃወመዋል፤ የቀረው ወደ ፊት የሚገፋው ብቻ ይሆናል። የብርቱካን ፍሬ በሁለት ጣት ቆንጥጠን ስንጫነው ተፈናጥሮ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጀልባውም በአየርና በውኃ መካከል ተቆንጥጦ ወደ ፊት ይወጣል።

ይሁንና ነፋሱ የሚገፋው ሸራውን ከላይ፣ ውኃው የሚቃወመው ሰሌዳውን ከታች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቶርክ ይፈጥራል፤ ጀልባው ያዘነብላል። ለምሳሌ 470 የሚባለውን የሁለት ሰው የውድድር ጀልባ እንውሰድ። ስሙን ያገኘው ከርዝመቱ ነው፤ 470 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ክብደቱ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሁለቱ ሸራዎቹ በድምሩ ወደ 13 ካሬ ሜትር ይሰፋሉ። የነፋሱ ኃይል ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ በሴኮንድ 4 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 125 ኒውተን ያህል ወደ ጎን ቢገፋው፣ በሴኮንድ 8 ሜትር የሚነፍሰው 500 ኒውተን ያህል ይገፋዋል። በኃይሎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ቢኖር፣ የሚገለብጠው ቶርክ ከ375 ወደ 1500 ኒውተን ሜትር ያሻቅባል ማለት ነው።

ይህን የሚመልሰው የሰው ክብደት ነው። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት ሰዎች በነፋሱ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ወደ ውጭ ቢለጥጡ፣ የስበት ማዕከላቸው ከጀልባው መሃል 1.1 ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለቱ በአንድነት 1510 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣሉ፤ የ8 ሜትሩን ነፋስ ለጥቂት ያስተካክሉታል። ነፋሱ ከዚህ ቢበረታ ረዳቱ ከምሰሶው የወረደውን ሽቦ በወገቡ ላይ ባለው ማንጠልጠያ ይይዝና፣ እግሮቹን በጠርዙ ላይ አቁሞ መላ አካሉን ከውኃው በላይ ይዘረጋል። የስበት ማዕከሉ እስከ 1.8 ሜትር ይርቃል፤ ብቻውን 1235 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። በዚህ ሁኔታ ጀልባው በሴኮንድ 9 ሜትር የሚያልፍ ነፋስ ችሎ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። የጀዊው ተማሪ በቴሌቪዥን ያየው ተንጠልጣይ ሰው ይህን ቶርክ የሚሠራ ሰው ነው። ከማሽኑ ክፍሎች አንዱ እርሱ ራሱ ነው፤ ያውም የሚያስበው ክፍል።

የረቡዕ ምሽት ውድድር

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት በየሳምንቱ ረቡዕ ምሽት በከተማው ሐይቅ ላይ በሚደረግ ውድድር በረዳትነት እንሳፈር ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ጀልባ መግዛት አይደለም። ጀልባ ያላቸው ሰዎች ሁልጊዜ ረዳት ይቸግራቸዋል፤ ከሥራ መልስ በሰዓቱ የሚገኝና የታዘዘውን የሚሰማ ሰው የጀማሪነቱ ነገር ሳይነሣበት ይወሰዳል። እኛን የወሰደን ባለ ጀልባ የጥርስ ሐኪም ነበር። ከእኛ ጎን የሚወዳደሩት አናጢ፣ ነርስ፣ ጡረተኛ መምህር፣ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ሽልማቱ ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፉ ብቻ ነው።

ውድድሩ የሚጀመረው እንደ ሩጫ ከቆሙበት አይደለም። ጀልባ ፍሬን የለውም። በሁለት ምልክቶች መካከል በሐሳብ የተሰመረ መስመር አለ፤ 5 ደቂቃ ሲቀር፣ 4 ደቂቃ ሲቀር፣ 1 ደቂቃ ሲቀር ምልክት ይሰጣል። በእነዚህ ደቂቃዎች ጀልባዎቹ ሁሉ ከመስመሩ ኋላ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። የረዳቱ ሥራ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ መቁጠር ነው። ጥበቡ ዜሮ በሚባልበት ቅጽበት በሙሉ ፍጥነት መስመሩ ላይ መድረስ ነው፤ አንድ ሴኮንድ የቀደመ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል፣ አምስት ሴኮንድ የዘገየ የሌሎችን የተረበሸ አየር ሲበላ ያመሻል። ፍጥነት፣ ርቀትና ጊዜ ሦስቱ የተያያዙበትን ቀመር ሰባተኛ ክፍል ተምረነዋል፤ በአካላችን ያወቅነው ግን እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚደረሰው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ወዳለው ተንሳፋፊ ምልክት ነው። ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋስ ሊሄድ ስለማይችል 45 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ፣ ከዚያ 45 ዲግሪ ወደ ግራ እያለ በመጠማዘዝ ይወጣል። በእያንዳንዱ መዞሪያ ላይ ረዳቱ የፊቱን ሸራ ገመድ ይለቃል፣ ከአግዳሚው እንጨት ሥር ጎንበስ ብሎ ያልፋል፣ በሌላው በኩል ገመዱን ይስባል፣ ጠርዙ ላይ ወጥቶ ይለጠጣል። ሁሉም በሦስት ሴኮንድ ማለቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አራቱ ድርጊቶች አራት ነበሩ። በበጋው መጨረሻ አንድ ሆነው ነበር።

የረዳቱ ዓይን ከሁሉ የበለጠ የሚፈለገው በዚህ ጉዞ ላይ ነው። መሪውን የያዘው ሰው ሸራውን ይመለከታል፤ ረዳቱ ውኃውን። በርታ ያለ ነፋስ ውኃውን ሲነካ ገጹን ስለሚያሻክረው ከሩቅ የጠቆረ ሆኖ ይታያል። ረዳቱ «ነፋስ ይመጣል፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ይላል፤ በ«አንድ» ላይ ሁለቱ ሰዎች እኩል ወደ ውጭ ይለጠጣሉ። ጀልባው ለመዘንበል ያገኘውን ኃይል ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። ቆጠራው ከተዛባ ግን ጀልባው ይጋደምና ነፋሱ ከሸራው አናት ላይ ፈስሶ ይባክናል።

የነፋስ አቅጣጫም ይለዋወጣል። ነፋሱ 10 ዲግሪ ወደ ተመቸ አቅጣጫ ቢዞር፣ ጀልባው ከምልክቱ አቅጣጫ በ45 ዲግሪ ምትክ በ35 ዲግሪ ይሄዳል። የ45 ኮሳይን 0.707፣ የ35 ኮሳይን 0.819 ነው፤ ወደ ምልክቱ የሚደረገው ግስጋሴ ምንም ጉልበት ሳይጨመርበት በ16 በመቶ ያድጋል። ከበስተኋላ የነበረ ጀልባ በድንገት ከፊት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ትሪጎኖሜትሪ ለምን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ተማሪ ካለ አንድ ምሽት ይሳፈር።

ሌላም አለ። በውኃ ላይ የሚሄድ ጀልባ ማዕበል ይፈጥራል፤ በፈጠነ ቁጥር የማዕበሉ ርዝመት ያድጋል። የማዕበሉ ርዝመት ከጀልባው ርዝመት ጋር ሲተካከል ጀልባው ራሱ በቆፈረው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ለመፍጠን ዳገት መውጣት አለበት። 4.7 ሜትር ለሚረዝም ጀልባ ይህ ወሰን በሴኮንድ 2.7 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለጥቂት ያልሞላ ነው። ነገር ግን ቀላል ጀልባ፣ ነፋሱ በርትቶ፣ ሁለቱ ሰዎች ክብደታቸውን በትክክለኛው ቅጽበት ወደ ውጭና ወደ ኋላ ሲያደርጉ፣ በራሱ ማዕበል ላይ ወጥቶ በውኃው ገጽ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ከሥር ያለው ሰሌዳ ይንቀጠቀጥና ጀልባው እንደ ክራር ክር ያንጎራጉራል። ይህን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው በሚቀጥለው ረቡዕ ያለ ቅስቀሳ ይመጣል።

ሳምንታዊነቱ ራሱ ዋጋ አለው። ሐይቁ ያው ነው፣ ምልክቶቹ ያው ናቸው፣ ተወዳዳሪዎቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጠው ነፋሱና የእኛ ውሳኔ ብቻ ነው። ለቤተ ሙከራ ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አይገኝም። ውጤቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። ጀልባዎቹ የተለያየ ዓይነት ሲሆኑ ፍትሕ በሒሳብ ይጠበቃል፤ ለምሳሌ ፖርትስማውዝ በሚባለው የእንግሊዞች ዘዴ እያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት ቁጥር ይሰጠዋል፣ የፈጀው ጊዜ በቁጥሩ ተካፍሎ በ1000 ይባዛል። ቁጥሩ 1200 የሆነ ዘገምተኛ ጀልባ በ66 ደቂቃ፣ ቁጥሩ 1000 የሆነ ፈጣን ጀልባ በ56 ደቂቃ ቢጨርሱ፣ የመጀመሪያው ጊዜ 55፣ የሁለተኛው 56 ሆኖ ይቆጠራል። አሸናፊው አሥር ደቂቃ ዘግይቶ የገባው ነው። በዳር ቆሞ ለሚያይ እንግዳ ነገሩ እንቆቅልሽ ይሆንበታል።

ይህ ጨዋታ ለዓባይ ተፋሰስ እንግዳ አይደለም። በካርቱም የጥቁር ዓባይ የሸራ ጀልባ ክለብ ነበረ፤ በ1926 (እ.ኤ.አ.) ለክለቡ ቤት ሆና የተሰጠችው መሊክ የምትባል የጦር ጀልባ ናት። መሊክ በ1896 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ተሠርታ በ1898 የኦምዱርማን ጦርነት ላይ የዋለች ስትሆን፣ በ1980ዎቹ የመጣ ጎርፍ ከውኃው አንሥቶ ዳር ላይ አስቀመጣት። አባላቱ ከብረት የተሠሩ፣ በንድፍ አንድ ዓይነት የሆኑ ጀልባዎች ነበሯቸው፤ አንድ ዓይነት ሲሆኑ የፖርትስማውዝ ሒሳብ አያስፈልግም፣ ልዩነቱ የሰዎቹ ብቻ ይሆናል። ከጣና የወጣው ውኃ በዚህ ክለብ ደጃፍ ያልፍ ነበር፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ባሮ ካለበት ነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል።

የእኛም ደንገል ሸራ ይዞ ውቅያኖስ አቋርጧል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እና በ1970 (እ.ኤ.አ.) ራ እና ራ ሁለት ያላቸውን የደንገል መርከቦች ያሠራው ከጣና ሐይቅ በተወሰደ ደንገል ነበር። የመጀመሪያዋ በመንገድ ተፈታታች፤ ሁለተኛዋ ስምንት ሰዎች ይዛ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደረሰች። የጣና ታንኳ ግን ዛሬም የሚሄደው በመቅዘፊያና በክንድ ነው።

በጣና ላይ በሸራ የሚወዳደር ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በሞቃት ቀን የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 0.96 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ በባሕር ዳርቻ 1.2 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከላይ 500 ኒውተን ብለን ያሰላነው የ8 ሜትር ነፋስ በጣና ላይ 400 ብቻ ይሆናል። ያንኑ ግፊት ለማግኘት ነፋሱ 12 በመቶ ያህል መፍጠን ይኖርበታል። ለጀማሪ ረዳት ይህ በጎ ዜና ነው። የማሪታይም ትምህርት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣልና፣ ጥቂት አንድ ዓይነት ትናንሽ ጀልባዎችና ጥቂት ሳምንታት ቢገኙ ይህን ስሌት በተግባር ለመፈተን ከዚያ የቀረበ ስፍራ የለም። ላንጋኖም ሐዋሳም ይሆናሉ። ባሮን ግን ለጀማሪ አንመርጥም። የውድድር ጀልባ መገልበጡ የማይቀር ነው፤ ተንሳፋፊ ሰደርያ የለበሰ ሰው በሐይቅ ላይ ሲገለበጥ ይስቃል፣ ጀልባውን አቅንቶ ይቀጥላል። በባሮ አዞ አለ።

ስለ ባሮ አንድ ጥያቄ

ይሁንና ባሮ ሐይቅ የማያስተምረውን አንድ ነገር ያስተምራል፤ በአእምሯችን ብቻ እንሳፈርበት። ወንዙ በሴኮንድ 1 ሜትር ይፈስሳል እንበል። አየሩ ጭራሽ ጸጥ ብሏል፤ በዳር ያለ ቅጠል አይነቃነቅም። አንድ የሸራ ጀልባና አንድ የተቆረጠ ግንድ ከአንድ ስፍራ ተነሥተው ወደ ታች 1 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ማን ይቀድማል? አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን «ነፋስ ስለሌለ እኩል ይደርሳሉ» ይላሉ።

ነገሩን ከጀልባው ላይ ሆነን እንየው። ጀልባው ከውኃው ጋር ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ጸጥ ያለው አየር ከፊት ለፊቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ሲመጣበት ይሰማዋል። ለጀልባው ይህ ሐይቅ ላይ ከሚነፍስ የ1 ሜትር ነፋስ በምንም አይለይም። ጀልባ ደግሞ ወደ ነፋስ እየተጠማዘዘ መውጣት ይችላል። ከውኃው አንጻር በሴኮንድ 0.3 ሜትር ቢገሰግስ፣ ከዳሩ አንጻር ፍጥነቱ 1.3 ሜትር ይሆናል። ግንዱ 16 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሲፈጅበት፣ ጀልባው በ12 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ይደርሳል። ያለ ነፋስ በሸራ ቀደመ ማለት ነው። ጉልበቱን ያገኘው በውኃውና በአየሩ መካከል ካለው የፍጥነት ልዩነት ነው፤ የትኛው እንደቆመና የትኛው እንደሚሄድ ሸራው አይጠይቅም።

አሁን ነፋሱ ይነሣ፤ ወንዙ በሚሄድበት አቅጣጫ በትክክል በሴኮንድ 1 ሜትር ይንፈስ። በዳር የቆመው ሰው ነፋሱ በጀርባው ሲያልፍ ይሰማዋል፣ ቅጠሉም ይነቃነቃል። ጀልባው ላይ ግን ሸራው እንደ እርጥብ ነጠላ ይንጠለጠላል፤ ጀልባውና ግንዱ እኩል ይደርሳሉ። ጭራሽ ጸጥ ካለው ቀን ይልቅ ደግ ነፋስ በነፈሰበት ቀን ጀልባው ዘገየ።

ነፋሱ በዚያው አቅጣጫ በሴኮንድ 2 ሜትር ቢነፍስስ? ወደ ላይ፣ ከወንዙ በተቃራኒ፣ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢነፍስስ? በእያንዳንዱ ሁኔታ ረዳቱ ጀልባው ውስጥ የት መቀመጥ አለበት? እነዚህን ለአንባቢያን ትተናል፤ ወረቀትና ሁለት ቬክተሮች ይበቃሉ።